እርዳታም ወቅት አለው፦ በሐዋሳ ጫፍ ያለ ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት ዓመቱን እንዴት ያሳልፋል?

ሐዋሳ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሐይቁን፣ የዓሣ ገበያውን፣ የታቦር ተራራንና ሰፋፊ ጎዳናዎቿን ነው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ ለብዙ ዓመታት የቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆና ቆይታ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። ለስብሰባ ወይም ለመዝናናት የሚመጣ እንግዳ ግን ብዙውን ጊዜ የማያየው ሌላ ሐዋሳ አለ። በከተማው አስተዳደር ሥር ከሚቆጠሩት መካከል የገጠር ቀበሌዎችም አሉ። ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ በስተደቡብ ቱላን ስናልፍና ከአስፋልቱ ወጣ ስንል፣ ቆርቆሮ ቤቶች እያነሱ እንሰትና በቆሎ እየበዙ ይሄዳሉ። ሐዌላ ቱላ ተብሎ በሚታወቀው በዚህ አካባቢ ያሉ ልጆች መታወቂያቸው የከተማ ነው፤ ትምህርት ቤታቸው ግን የገጠር ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ በስም ስለሚታወቅ ትምህርት ቤት ሳይሆን በዚህ አካባቢና በአጎራባቾቹ በሐዋሳ ዙሪያና በሸበዲኖ ወረዳዎች ስለሚገኙት ትንንሽ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አኗኗር ልናስረዳ እንወዳለን። ማን ያስተዳድራቸዋል? ልጆቹ ቀኑን እንዴት ያሳልፋሉ? በትምህርት ዓመቱ ውስጥ ምን ምን ዝግጅቶች ይጠብቋቸዋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ለትምህርት ቤት የሚደረግ እርዳታ መልካም ልብ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ ወር እንደሚያስፈልገው ማሳየት እንፈልጋለን። ብዙ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ደብተር የሚያከፋፍሉት በበዓል ሰሞን ነው። በዚያን ጊዜ ግን ደብተሩ ያስፈልጋቸው ከነበሩት ልጆች አንዳንዶቹ ትምህርቱን አቋርጠው ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልን አንዲት ልጅ በሐሳባችን እንከተል። ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት እንበል። ከሦስት ወንድሞቿ ጋር ትኖራለች፤ አባቷ ገበሬ፣ እናቷ በቱላ ገበያ አትክልትና ቆጮ የምትሸጥ ናት። ስም አልሰጠናትም፤ በየአጥቢያችን ባለችው ልጅ ስም ልትጠሩዋት ትችላላችሁ።

ትምህርት ቤቱ የማን ነው?

ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው። የመምህራንን ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ ሥርዓተ ትምህርቱንም የሚያወጣው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ግቢውን ያጠረው፣ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በእንጨትና በጭቃ የሠራው፣ ወንበር እንዲሠራ ገንዘብ ያዋጣው አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ ነው። በሲዳማ ሰዎች በሰፈር ተሰባስበው ቤት የሚሠሩበት፣ የታመመ የሚጠይቁበትና የሞተ የሚቀብሩበት «ሴራ» የሚባል የመረዳጃ ሥርዓት አለ። ትምህርት ቤት ሲሠራም ሰዎች እንደዚያው ተጠራርተው የሚወጡበት ጊዜ ብዙ ነው።

በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አለ፤ በአጭሩ ወተመኅ ይባላል። በቀበሌ ደረጃም የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ። ወላጆች ተወካዮቻቸውን ይመርጣሉ፤ ተወካዮቹም ከርእሰ መምህሩ ጋር ተቀምጠው የዓመቱን ዕቅድ ያያሉ፣ የመምህራንና የተማሪዎችን መቅረት ይከታተላሉ፣ መዋጮ ሲያስፈልግ ለሕዝቡ ያቀርባሉ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት ትምህርት ቤቶች በተማሪዎቻቸው ቁጥር ልክ የሚሰላ ድጎማ ማግኘት ጀምረዋል። ይህ ድጎማ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ስለሆነ ትንሽ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ገንዘብም ትንሽ ነው። የጣሪያ ጥገና ግን ትንሽ ትምህርት ቤት ነውና ብሎ ዋጋ አይቀንስም።

በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» የሚባል ንቅናቄ ሲጀምር ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ በአገሪቱ ካሉት ትምህርት ቤቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከተቀመጠው ደረጃ በታች መሆናቸውን ገልጾ ነበር። ሕዝቡ፣ ባለሀብቱና በውጭ አገር ያለው ወገን እንዲያግዝ ጥሪ የቀረበውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የወተመኅ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጡት ሰዎች እነማን ናቸው? በሲዳማ ገጠር ወንጌላውያን አማኞች ብዙዎች ስለሆኑ፣ እሑድ በጸሎት ቤት የሚቀመጡት ሰዎችና ሰኞ በትምህርት ቤቱ ዛፍ ሥር የሚሰበሰቡት ሰዎች በአመዛኙ አንድ ናቸው። ስለዚህ «ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቱን ትርዳ» ስንል ከሩቅ የሚመጣ እርዳታ ማለታችን ብቻ አይደለም። ሽማግሌው አባት ናቸው፤ ዘማሪዋም እናት ናት።

አንድ የትምህርት ቀን

ልጃችን ጎሕ ሲቀድ ትነሣለች። ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ውኃ ትቀዳለች፣ ታናሽ ወንድሟን ታጥባለች፣ ከብቶቹን ታወጣለች። የክፍል እጥረት ባለባቸው ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በፈረቃ ስለሚሰጥ የጠዋት ወይም የከሰዓት ተማሪ ትሆናለች። ጠዋት ሰልፍ አለ፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ የሕዝብ መዝሙር ይዘመራል፣ ርእሰ መምህሩ መልእክት ያስተላልፋል። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ባለበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዜናና ግጥም ያነባሉ።

በዝቅተኛ ክፍሎች የምትማረው በእናቷ ቋንቋ በሲዳሙ አፎ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፍቷል። አማርኛንና እንግሊዝኛን እንደ ትምህርት ዓይነት ትማራቸዋለች። ይህ ማለት አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሲዳሙ አፎ፣ በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አማርኛ፣ ደግሞም አነባበቡ ከአጻጻፉ የማይገጥም እንግሊዝኛ በአንድ ጊዜ ይጠብቃታል ማለት ነው። ቤት ውስጥ አንድም መጽሐፍ ለሌላት ልጅ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

አዲሱ የትምህርት አደረጃጀት አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል፣ መካከለኛ ደረጃን 7ኛና 8ኛ ክፍል አድርጎታል። ከአንደኛ ክፍል በፊትም የቅድመ አንደኛ ትምህርት አለ። ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ጋር የመጣው የመጽሐፍ እጥረት ግን በብዙ ቦታ ተማሪዎችን አንዱን መጽሐፍ ለብዙ እንዲካፈሉ አድርጓል። መጽሐፉ ቤት ካልሄደ ደግሞ ወላጅ ልጁ ምን እንደሚማር አያይም፤ ልጁም ማታ የሚያነበው የለውም።

ሌላው ጉዳይ ምሳ ነው። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በሰፊው ተጀምሯል። ከአካባቢ ገበሬዎች እህል እየገዙ ተማሪዎችን የመመገብ ሙከራም በቀድሞው ደቡብ ክልል በ2004 ዓ.ም. ገደማ በዓለም የምግብ ፕሮግራም እገዛ ተጀምሮ ነበር። ምገባው ባልደረሰበት የገጠር ትምህርት ቤት ግን ልጆች ቁርስ ሳይቀምሱ መጥተው እስከ ቀትር በባዶ ሆድ ይቀመጣሉ። የተራበ ልጅ ሰነፍ ይመስላል፤ መምህሩም ሁልጊዜ ለይቶ ላያውቅ ይችላል።

የትምህርት ዓመቱ ዝግጅቶችና ፈተናዎች

ከዚህ በታች በትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚመጡትን ዝግጅቶች በቅደም ተከተል እናያለን። ከዝግጅቶቹ ጎን ለጎን ቤተሰቡ ላይ የሚመጣውን ጫና ደግሞ አብረን እንመልከት፤ የልጆች መቅረት የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ነሐሴና ጳጉሜን። የምዝገባ ጊዜ ነው። በብዙ ቦታ ቤት ለቤት ቅስቀሳ ይደረጋል፤ ዕድሜያቸው የደረሰ ልጆች ይቆጠራሉ። ይህ ወር ለቤተሰብ ከባድ ነው፤ አዲሱ በቆሎ ገና አልደረሰም፣ የክረምቱ ስንቅ ተሟጧል። ደብተርና እስክሪብቶ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። ደብተር ሳይኖራት መሄድ የምታፍር ልጅ «የሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ» እያለች ሳምንታቱ ያልፋሉ።

መስከረምና ጥቅምት። ትምህርት ይጀመራል። መስከረም 25 የዓለም የመምህራን ቀን ነው። በጥቅምት መጀመሪያ የሰንደቅ ዓላማ ቀን በሰልፍ ይከበራል። ጥቅምት 5 ደግሞ የዓለም የእጅ መታጠብ ቀን ነው። ውኃና ሳሙና የሌለው ትምህርት ቤት ይህን ቀን በመፈክር ብቻ ያሳልፈዋል፤ አንድ የውኃ በርሜልና ቧንቧ ያለው ግን ዓመቱን ሙሉ ያከብረዋል።

ኅዳርና ታኅሣሥ። ኅዳር 22 የዓለም የኤድስ ቀን፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ነው። ክበባት ጭውውትና መዝሙር ያዘጋጃሉ። ነገር ግን ይኸው ወቅት ልጆች በብዛት ከትምህርት የሚቀሩበት ነው። በቆሎ ይሰበሰባል፤ ወደ ሸበዲኖና ዳሌ ከፍ ሲባል ደግሞ የቡና ለቀማ ይደርሳል። ለቀማ ገንዘብ ያስገኛል፤ የልጅ እጅም ይፈለጋል። ሁለት ሳምንት የቀረች ልጅ ስትመለስ ትምህርቱ አልፏት ይጠብቃታል። ከዚያ በኋላ መምጣቱ ያሳፍራታል፤ ማቋረጥም በዚህ መልክ ይጀምራል።

ጥርና የካቲት። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ተሰጥቶ ዕረፍት ይሆናል። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲከፈት መምህራን ስም ሲጠሩ ያልመለሱት ልጆች ይታወቃሉ። የካቲት 29 ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን ነው። ስለ ሴት ልጆች ስናነሣ አንድ ግልጽ ነገር መናገር ይገባል፤ ለሴቶች የተለየና በር ያለው መጸዳጃ የሌለበት ትምህርት ቤት፣ ልጃገረዶቹ ለአካለ መጠን ሲደርሱ በየወሩ ጥቂት ቀን እንዲቀሩ ያደርጋቸዋል። ይህ የሚያሳፍር ወሬ ሳይሆን የትምህርት ጉዳይ ነው።

መጋቢትና ሚያዝያ። የበልግ ዝናብ ይመጣል፤ ማሳ ይዘጋጃል፣ በቆሎ ይዘራል። የሲዳማ የዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላም በቅርብ ዓመታት በእነዚህ ወራት ውስጥ ሲውል ቆይቷል፤ ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚመለከቱ አዋቂዎች ናቸው። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር አስገብቶታል። በዕለቱ ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጎረቤት ይሰላማሉ፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራ ቡሪሳሜ ይቀርብላቸዋል። ምእመናን ስለ አከባበሩ የተለያየ አቋም ሊኖራቸው ይችላል፤ ያ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ለትምህርት ቤቱ ግን ቀናቱ ቀድመው ሊታወቁለት ይገባል፤ ከበዓል በኋላ ልጆችን ወደ ክፍል መመለስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ግንቦትና ሰኔ። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይቀርባል። ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ነው፤ በ1976 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በሶዌቶ ለተሻለ ትምህርት ሰልፍ ወጥተው የተገደሉትን ተማሪዎች የሚያስታውስ ዕለት ነው። በመጨረሻም የወላጆች ቀን ይደረጋል። ወላጆች በግቢው ይሰበሰባሉ፣ ውጤት ይነገራል፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ይሸለማሉ። ለብዙ ወላጆች ከምዝገባ በኋላ ትምህርት ቤቱን የሚረግጡት በዚህ ቀን ብቻ ነው።

ክረምት። ግቢው ጸጥ ይላል። ችግኝ ይተከላል፤ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ወዲህም ትምህርት ቤቶች በዚህ ሥራ ይሳተፋሉ። ለልጃችን ግን ክረምት ያነበበችውን የምትረሳበት ወቅት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አንድም ፊደል ሳታይ ትቆያለች።

በዓመቱ ውስጥ በትምህርት ቤት የሚሰጥ የጤና አገልግሎትም አለ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ የአንጀት ትላትልና የብልሃርዚያ መድኃኒት በትምህርት ቤት በኩል ለልጆች በስፋት ሲታደል ቆይቷል። በሐይቅና በወንዝ ዳር ለሚያድጉ ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። የብልሃርዚያው መድኃኒት በባዶ ሆድ ሲወሰድ ሊያጥወለውልና ሊያስመልስ ስለሚችል፣ በዕደላው ዕለት ልጅን አብልቶ መላክ ይገባል። አንዳንድ ልጅ ሲያስመልሰው «መድኃኒቱ መጥፎ ነው» የሚል ወሬ ይነዛል፤ ጥፋቱ ግን የመድኃኒቱ ሳይሆን የባዶ ሆዱ ሊሆን ይችላል።

ማንበብ የሚሰናከለው የት ላይ ነው?

ስለ ትምህርት ጥራት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የ12ኛ ክፍልን ውጤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። አገር ደነገጠ። ነገር ግን እነዚያ ተማሪዎች የወደቁት በ12ኛ ክፍል ብቻ አልነበረም።

በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በተለያዩ ቋንቋዎች የዝቅተኛ ክፍል ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ ተጠንቶ ነበር። በሲዳማ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ ውስጥ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። የተፈተኑት በባዕድ ቋንቋ ሳይሆን በገዛ ቋንቋቸው ነበር። ጥናቱ ዓመታት አልፈውታል፤ በዚያን ጊዜ የ2ኛ ክፍል ተማሪ የነበሩት ልጆች ዛሬ ወጣቶች ናቸው። ለምን በኋላ እንደ ተቸገሩ ለመረዳት ግን ያ ቁጥር ብዙ ያስተምረናል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ልጅ ማንበብን ይማራል፤ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ደግሞ በማንበብ ይማራል። ሳይንሱም፣ ኅብረተሰብ ትምህርቱም፣ የሒሳቡ ጥያቄ እንኳ በንባብ ይመጣል። ያልቻለ ልጅ ከሰሌዳ እየገለበጠ ደብተር ይሞላል፤ የገለበጠውን ግን አያነበውም። ወላጅ የተሞላ ደብተር አይቶ ደስ ይለዋል። መምህሩ ከፊቱ ብዙ ልጆች ስላሉት ወደ እያንዳንዱ አይደርስም። ልጁም ዝም ይላል።

ይህ በሐዋሳ ዙሪያ የኑሮ ጉዳይም ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሲዳማ ገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶችን ቀጥሯል። የቅጥር ውል፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የማሽን ማስጠንቀቂያ፣ የባንክ መልእክት ሁሉ ንባብ ይፈልጋል። ማንበብ የማትችል ልጅ የፈረመችውን አታውቅም።

ቀደም ካሉት የተቀበልነው

ማንበብና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ በኢትዮጵያ አይለያዩም። ኦኔስሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በኦሮምኛ የማንበቢያ መጽሐፍ ያዘጋጁት በ1894 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋው ከመታተሙ አምስት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። መጽሐፉ ከመምጣቱ በፊት አንባቢው መኖር እንዳለበት አውቀው ነበር። በእንግሊዝም ሮበርት ሬይክስ በ1780 እ.ኤ.አ. በግሎስተር ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት ሲጀምር፣ ሳምንቱን በሥራ ለሚያሳልፉ ድሀ ልጆች እሑድ ማንበብ ለማስተማር ነበር። ዛሬ የሰንበት ትምህርት ቤት የምንለው ነገር የተወለደው ከፊደል ቆጠራ ጋር ነው።

ወደ ሲዳማ ስንመለስ፣ የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን መልእክተኞች በ1928 እ.ኤ.አ. ወደ አካባቢው ደርሰዋል፤ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮንም ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ሠርቷል። በወንጌል ሥራው ጎን ክሊኒክና ትምህርት ቤት ተከፍቷል። በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ጀመረች። በየገጠሩ ጸሎት ቤት፣ ብዙ ጊዜም በሣር ጣሪያ ሥር፣ ጥቂት የተማረ ወጣት ሌሎችን ያስተምር ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. መንግሥት ብሔራዊውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀመረ፤ ዘመቻው ሲስፋፋም ሲዳምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጠ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። እነዚያ አስተማሪዎች ሕንፃም ሆነ ብዙ ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ የሚያነብ ሰው፣ ጥቂት መጻሕፍትና የማይቋረጥ ሰዓት ነበር።

ድንበሩን ማወቅ

እዚህ ላይ በግልጽ መነጋገር ያስፈልገናል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ምእመናን የራሳቸውን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ ይናገራል። እንግዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ የስብከት ቦታ አይደለም። ደብተር ሰጥቶ በዚያው ትራክት ማደል፣ ወይም የእኛ አጥቢያ ልጆችን ብቻ መርጦ መርዳት ሕጉንም ይጥሳል፤ ጎረቤትንም ያስቀይማል። በዚያ ክፍል ውስጥ የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የሙስሊም ልጆችም አብረው ተቀምጠዋል።

ይህ ገደብ ሊያሳዝነን አይገባም። ነገ ሌላው ብዙ በሆነበት ቦታ የእኛን ልጅ የሚጠብቃት ይኸው ሕግ ነው። ጌታ ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲያስተምርም፣ ያ ሰው በመንገድ የወደቀውን ሲያነሣ በመጀመሪያ ወገኑን እንዳልጠየቀ እናውቃለን። በራሳችን ግቢ ግን በወላጆች ፈቃድ ልጆችን ማስነበብ እንችላለን።

ምን እናድርግ? በየትኛው ወር?

አንደኛ፣ በሐምሌ ርእሰ መምህሩንና የወተመኅ ሰብሳቢውን ጠይቁ። ምን እንደሚያስፈልግ እኛ ሳንሆን እነርሱ ይናገሩ። ደብተር ከሆነ በነሐሴ ይድረስ፤ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ልጆች በእጃቸው ይዘውት ይግቡ።

ሁለተኛ፣ በጥቅምት ከመከሩ በፊት በየአጥቢያው ስለ ልጆች መቅረት ይነገር። አባቶች «ልጄ እሑድና ቅዳሜ ያግዘኛል፣ በሥራ ቀን ይማራል» ብለው እርስ በርሳቸው ቢስማሙ ከብዙ የገንዘብ እርዳታ ይበልጣል። የአንዱን ማሳ በጋራ መሰብሰብ ለሲዳማ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ በየካቲት የተመለሱትን ሳይሆን ያልተመለሱትን ቁጠሩ። የሴቶች ኅብረት ሁለት ሁለት ሆነው እናቶችን ቢጎበኙ ልጅቱ ለምን እንደ ቀረች ይታወቃል። አንዳንዴ ምክንያቱ አንድ ጫማ ነው፤ አንዳንዴ የታመመች እናት ናት፤ አንዳንዴም ማንም ሊናገረው የማይፈልገው ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው።

አራተኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጸሎት ቤታችሁን ለንባብ ክፈቱ። ሴቭ ዘ ችልድረንና ወርልድ ቪዥን በኢትዮጵያ የመንደር የንባብ ማዕከላትን አሠርተው ያሳዩት ቀላል ዘዴ ነው። የ8ኛ ክፍል ወይም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ታናናሾቹን አስቀምጦ ያስነብባል፤ ፊደል ይቆጠራል፣ ተረት ይነበባል፣ ልጆቹ የሰሙትን መልሰው ይናገራሉ። መጽሐፍ ከሌለ አያቶች ተረት ይንገሩ፤ ወጣቶቹ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ልጆቹም የገዛ አያታቸውን ተረት ያንብቡ።

አምስተኛ፣ በሰኔ የወላጆች ቀን ላይ ተገኙ። አንድ ሽማግሌ ቢመጡና አንደኛ የወጣውን ብቻ ሳይሆን አንድም ቀን ያልቀረውን ልጅ ቢያመሰግኑ፣ ለቀጣዩ ዓመት ትልቅ ስንቅ ይሆናል። መምህራንንም አትርሱ። ብዙዎቹ ከቤተሰባቸው ርቀው በተከራዩት ክፍል የሚኖሩ ወጣቶች ናቸው፤ በእሑድ ምሳ መጠራታቸው አገልግሎታቸው እንደ ታየ ይነግራቸዋል።

ስድስተኛ፣ በውጭ አገርም ሆነ በአዲስ አበባ ያላችሁ ወገኖች ገንዘብ ስትልኩ ቀለም ከመቀባትና ስም ከማጻፍ በፊት የሴቶች መጸዳጃና ውኃ እንዳለ ጠይቁ። ለግንባታ የሚላክ ገንዘብ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በኩል በደረሰኝ ይሂድ። የሠራነውን ማን እንደሚጠግነውም ከወተመኅ ጋር አስቀድሞ መነጋገር መልካም ነው።

ወደ ልጃችን እንመለስ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ናት። በነሐሴ ደብተር ካገኘች መስከረም ላይ ትጀምራለች። በኅዳር ከመከር ከቀረላት ትምህርቱ አያልፋትም። ቅዳሜ የሚያስነብባት ካገኘች እስከ ሰኔ አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ ታነባለች። ማንም ታላቅ ነገር አላደረገላትም፤ ጎረቤቶቿ እያንዳንዱን ትንሽ ነገር በወሩ አደረጉት እንጂ። በወላጆች ቀን ሽልማት ላታገኝ ትችላለች። ማታ ግን እናቷ ከገበያ ስትመለስ፣ ሳሙናው የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግታ ታነብላታለች።